አርባ ሰባት ገባ፣ አርባ ሰባት ወጣ

የምሠራው ሥራ ምን እንደሆነ እናቴ እስካሁን አልገባትም። ጎረቤት ሲጠይቃት «ሶኬት ትጠብቃለች» ትላለች፤ ሰው ደግሞ የግድግዳው ሶኬት ይመስለውና «ጎሽ፣ መብራት ኃይል ገባች በሉኛ» ይላል። ላስረዳ ሞክሬ ሲሰለቸኝ ትቼዋለሁ። እኔም ብሆን ሥራው የገባኝ በአራተኛው ሳምንት ነው፤ ያውም በግማሽ።

ከዚያ በፊት አዳማ መናኸሪያ አካባቢ ፎቶኮፒ ቤት ነበር የምውለው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አልሆነም። አለቀስኩ፣ አቆምኩ፣ ማመልከቻ መተየብ ጀመርኩ። ችግሬ አንድ ቦታ መቀመጥ አለመቻሌ ነው። ደንበኛ ከሌለ እግሬ ብቻውን ይነቃነቃል፣ እጄ የሚነካካው ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ የፎቶኮፒ ቤቱን ኮምፒውተር መነካካት ያዝኩ፤ መጀመሪያ በመፍቻ፣ በኋላ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ፕሮግራም በመጻፍ። የተማርኩት ቁርጥራጭ ነው። አንዱን አውቃለሁ፣ ቀጥሎ ያለውን አላውቅም፣ ሦስተኛውን ደግሞ የማውቅ ይመስለኛል። አደገኛው ይሄ ሦስተኛው ነው።

ሐጂ ያገኙኝ እዚያ ነው። የቲማቲምና የሽንኩርት ነጋዴ ናቸው። ከአቦምሳ በኩል በአይሱዙ አስጭነው አዳማ መጋዘናቸው ያራግፋሉ፤ ሁለት ትልልቅ መኪናዎቻቸው ደግሞ ሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ሲጠብቁ ይከርማሉ። ውል ሊያስተይቡ መጥተው መሀል ላይ ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ። ዓይናቸው እያየ አስተካከልኩት።

«ልጄ፣ ቻት ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«ማን የማያውቅ አለ?»

«መጠቀሙን አይደለም። ውስጡን።»

«ውስጡንም አውቃለሁ» አልኩ። የሦስተኛው ዓይነት እውቀት ነበር።

ሾፌሮቻቸው የሚነጋገሩበት የራሳቸው ቻት አላቸው። ቴሌግራም እያለ ለምን? እኔም ይህንኑ ጠየቅኳቸው። «ቴሌግራም ላይ ደላላ ይገባል» አሉ። አንዱ ደላላ ሾፌር መስሎ ግሩፑ ውስጥ ገብቶ፣ መኪና መቼና የት እንደሚጭን እያነበበ ማሳው ላይ ቀድሟቸው ይገኝ ነበር። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ያጠና የነበረ የእህታቸው ልጅ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈላቸው። ሰርቨሩ መጋዘኑ ቢሮ ውስጥ ያለ አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ ስልኮቹ ላይ ደግሞ በደካማ ኔትወርክ የምትሠራ ትንሽ አፕ አለች። ሾፌሮቹ የሚታወቁት በታርጋቸው የመጨረሻ ሁለት ቁጥር ነው። አንዱ አፗን ሲከፍት ሁሉም ስልክ ላይ «አርባ ሰባት ገባ» ይላል፤ ሲዘጋት «አርባ ሰባት ወጣ»። ልጁ ተመርቆ አዲስ አበባ ሥራ ያዘ። ፕሮግራሙ ጠባቂ አጥቶ ቀረ።

«ስልኬ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል» አሉ ሐጂ። «አርባ ሰባት ገባ፣ አርባ ሰባት ወጣ። ሠላሳ አንድ ገባ፣ ሠላሳ አንድ ወጣ። ገብቶ አንዲት ቃል አይተነፍስም! ሶላት ላይ ስቆም ይጮኻል፣ ምሳ ስበላ ይጮኻል። ሰው ነው ጂን ነው የሚገባው? እኔ ያልኩት ሲጭን ይጻፍ፣ የመልካሳን ድልድይ ሲሻገር ይጻፍ ነው። ጽሑፍ ማስረጃ ነው። ይሄ ግን ምንድን ነው?»

«ብልሽት ይሆናላ።»

«እንግዲያው አንድ ወር ሞክሪ። ከጠፋልኝ ሥራው ያንቺ ነው። ካልጠፋ ኮምፒውተሩን አውጥቼ ወደ ስልክ እመለሳለሁ፤ አንቺም ወደ ፎቶኮፒሽ።»

በማግስቱ ለቀቅሁ። የፎቶኮፒ ቤቱ ባለቤት ወንበሬን እያየ «አልሰጠውም፣ በወርሽ ትመለሻለሽ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ብመለስ ፊቱን እንዴት አየዋለሁ?

አዲሱ ቢሮዬ የመጋዘኑ ጥግ ላይ በቆርቆሮ የተከለለች ክፍል ናት። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ግድግዳዋን መደገፍ አይቻልም፤ ያቃጥላል። ክፍሏን የምጋራው ማራገፊያውን ከሚመሩት እትዬ ጋር ነው። ሃምሳን የተሻገሩ ናቸው። ሁለት ስልክ፣ አንድ ስክሪንና አንድ ቬንትሌተር አላቸው፤ ቬንትሌተሩ ወደ እኔ እንዳይዞር በገመድ አስረውታል። መኪና ከመድረሱ በፊት ጫኝና አውራጆቹን የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ልጆቹ ደግሞ ቁጭ ብለው አይጠብቁም፤ ካልተጠሩ ሌላ መጋዘን ሄደው ይሠራሉ። ቲማቲም ግን ፀሐይ ላይ ቆሞ ሰው አይጠብቅም።

የመጀመሪያው ቀን «የሐጂ ዘመድ ነሽ?» አሉኝ።

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ገባ ወጣውን ላጠፋ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩኝ። «ይቅናሽ» አሉ። አባባላቸው ደስ አላለኝም።

አሁን ሶኬቱን ላስረዳ፤ ካላስረዳሁ የቀረው አይገባም። አንድ ስልክ ከሰርቨሩ ጋር ሲገናኝ በሁለቱ መሀል መስመር ይከፈታል። ሶኬት የሚሉት የዚያን መስመር ጫፍ ነው። ፕሮግራሙ አንድ ነው፣ መስመሮቹ ብዙ ናቸው። ሁሉንም በየተራ «አለህ? አለህ?» እያለ ቢዞር ዝም ባለው ላይ ተገትሮ ይቀራል። መናኸሪያ ያለ ተራ አስከባሪም ከሚኒባስ ሚኒባስ እየዞረ «ሞላህ? ሞላህ?» አይልም፤ ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ የሞላው ጥሩምባ ሲነፋ ይነሳል። ፕሮግራሙም እንዲሁ ነው። የመስመሮቹን ዝርዝር ለኮምፒውተሩ ይሰጥና «ከነዚህ አንዱ ላይ የሆነ ነገር ሲኖር ቀስቅሰኝ» ብሎ ይተኛል። ከመስመሮቹ አንዷ በሩ ናት፤ እሷ ላይ ነገር ካለ አዲስ ሰው መጣ ማለት ነው። ሌሎቹ ላይ ነገር ካለ የሚነበብ መጣ ማለት ነው።

እዚህ ድረስ ገብቶኛል። የጠፋሁት ከዚህ በኋላ ነው።

የሚሆነውን ሁሉ ስክሪኔ ላይና ፋይል ውስጥ እንዲጽፍልኝ አደረግሁና ቁጭ ብዬ ማየት ጀመርኩ። በሩ ላይ ሰው አለ፤ አርባ ሰባት ገባ። ወዲያው ኮምፒውተሩ ይቀሰቅሳል፦ አርባ ሰባት መስመር ላይ የሚነበብ አለ። ፕሮግራሙ ይሄዳል፣ ያነባል። ያነበበው ስንት ፊደል ነው? ዜሮ። ባዶ መስመር አይደለም፣ ነጥብ አይደለም፤ ዜሮ። ቀጥሎ አርባ ሰባት ወጣ። የሚነበብ ነገር ከሌለ «ና አንብብ» ብሎ ሰው መቀስቀስ ምን የሚሉት ነው?

ፕሮግራሙን የጻፈው የሐጂ እህት ልጅ ዘንድ ደወልኩ።

«ዜሮ ከሆነ ዘግቶ ሄዷል ማለት ነው» አለኝ።

«ታዲያ ሄደ አይለኝም? የሚነበብ አለ ብሎ ለምን ያታልለኛል?»

«አላታለለሽም። ሄደ ብሎሻል እኮ። ዜሮ ብሎሻል።»

«ዜሮ ንግግር ነው?»

«ስብሰባ ላይ ነኝ» ብሎ ዘጋው።

እሺ፣ ዜሮ ከሆነ እለፈው ብዬ ጻፍኩ። ዜሮ ካየህ ዝም በል፣ ተመልሰህ ተኛ። ቀላል ነው። አስነሳሁት፤ ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ኮምፒውተሩ እንደ ባጃጅ ማጓራት ጀመረ።

«ይሄ ነገር ሊነሳ ነው እንዴ?» አሉ እትዬ፣ ወንበራቸውን ወደ ኋላ እየሳቡ።

የሆነው ይህ ነው። መስመሩን ሳልዘጋው ዝም ብዬ ስላለፍኩት፣ ኮምፒውተሩ ፕሮግራሙ ገና ሳይተኛ እንደገና ይቀሰቅሰዋል፦ የሚነበብ አለ። ያነባል፣ ዜሮ። ያልፋል። ይቀሰቅሰዋል። ዜሮ። ያልፋል። ሲቀሰቀስ፣ ሲያልፍ፣ ሲጽፍ ዲስኩ ሞላና ቻቱ ቆመ። ሾፌሮቹ ግማሽ ቀን ሳይነጋገሩ ዋሉ። ያበላሸሁትን ለማስተካከል ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ መጨረሻ ላይ የደረስኩት ከተነሳሁበት ቦታ ነው።

መልሱን ከኮምፒውተሩ ካጣሁት ሰዎቹን ልጠይቅ አልኩና ቻቱ ላይ ጻፍኩ፦ «ገብቶ ሳይጽፍ የሚወጣው ማነው? መስመር እየተቆረጠባችሁ ነው ወይስ ሆን ብላችሁ ነው?»

ቀድመው የመለሱት የሞጆዎቹ ናቸው፤ ወረፋ ላይ ስለሆኑ ሥራቸው መጻፍ ነው።

«እኔ ሞጆ ከገባሁ አራተኛ ቀኔ ነው። መውጣቱንማ ማን አግኝቶት?»

«እህቴ፣ ፖሊስ ነሽ ወይስ ገቢዎች?»

«ጥፋቱ የማን እንደሆነ ካወቅሽ ለእኔም ንገሪኝ፣ ሚስቴ እኔ ነህ ትለኛለች።»

የአቦምሳዎቹ ጭጭ። በተለይ አርባ ሰባት። የድሮውን ጽሑፍ ወደ ኋላ እየሄድኩ ፈለግሁ፤ አርባ ሰባት አንድም ቀን ጽፈው አያውቁም። በእሳቸው ፈንታ ሁልጊዜ እትዬ «አርባ ሰባት ደውሏል፣ ጭኗል»፣ «አርባ ሰባት ደውሏል፣ ተሻግሯል» ብለው ይጽፋሉ። ስልኬን አንስቼ ደወልኩላቸው። ድምፃቸው የአባት ድምፅ ነው።

«አካም ጂርታ፣ ልጄ? ሰላም ነሽ? ቤተሰብ ሰላም ነው? አዳማ ሙቀቱ እንዴት ነው?»

ሁሉንም መለስኩና «ኔትወርክ ይቋረጥብዎታል ወይ?» አልኩ።

«ኔትወርክ? ኔትወርኩማ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ታዲያ ለምን ገብተው ይወጣሉ?»

«እኔ?» አሉ። «እኔማ መንገድ ላይ ነኝ።» ዘጉት።

ከዚያ ወረቀት አውጥቼ ሰዓቱን መመዝገብ ጀመርኩ። አርባ ሰባት ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ አንዴ ይገባሉ ይወጣሉ። ስድስት ሰዓት ገደማ ሁለቴ፣ ተከታትሎ። በማግስቱም አንዴ፣ ከዚያ ሁለቴ። ሠላሳ አንድም እንዲሁ፣ አንዴ፣ ከዚያ ሁለቴ። ኔትወርክ ቢሆን ይህን ያህል ሥርዓት ከየት ያመጣል? እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። እኔ ግን ፕሮግራሙ አንዱን ሁለት ጊዜ እየቆጠረ ነው ብዬ ደመደምኩና፣ የሌለ ስህተት ስፈልግ አራት ቀን አቃጠልኩ። አንድ መስመር አነባለሁ፣ እነሳለሁ፣ መጋዘኑን እዞራለሁ፣ ተመልሼ ያንኑ መስመር አነባለሁ። ቤት ስሄድ እናቴ «ዛሬስ ሶኬቱ ተሠራ?» ትላለች።

«አሁንም አልጠፋም?» ይሉኛል እትዬ።

«አልጠፋም።»

«ተይው እሱን። ያለ ነገር ነው።»

«ያለ ነገር ማለት ምን ማለት ነው?»

«ያለ ማለት ያለ።»

ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ከሰዓት፣ ምክንያቱን መፈለግ ተውኩ። ለምን እንደሚሆን ካልገባኝ እንዳይታይ ማድረግ እችላለሁ። ሰው ሲገባ ወዲያው አላውጅም፤ አንድ ቃል እስኪጽፍ ድረስ ስሙን ይዤ እቆያለሁ። ሳይጽፍ ከወጣ እንዳልመጣ ይቆጠራል። መስመሩንም በሥርዓቱ ዘጋሁት፣ ኮምፒውተሩ እንዳያጓራ። አሥር መስመር የማይሞላ ጽሑፍ ናት። አስነሳሁት። ስክሪኑ ጸጥ አለ። እትዬ ያን ሰዓት ግቢ ውስጥ ከሽንኩርት ቸርቻሪዎች ጋር ይጨቃጨቁ ስለነበር አልነገርኳቸውም።

ሐሙስ ጠዋት ሐጂ ከአቦምሳ ደወሉ። «ልጄ፣ ተባረኪ! ስልኬ ዐረፈ። ቅዳሜ እመጣና ዓይኔ ያየዋል።»

እየዘለልኩ ከቢሮ ወጣሁ። እናቴ ጋ ደውዬ «ተሠራ» አልኳት። «መብራቱ?» አለች። ደስ ስላለኝ «አዎ» አልኳት።

ስድስት ሰዓት አልፎ ጥሩምባ ሰማሁ። አይሱዙ በሩ ላይ ቆሟል፣ እስከ አፉ የቲማቲም ሳጥን ጭኗል። እትዬ ከወንበራቸው ተፈናጥረው ተነሱ። ግቢው ባዶ ነው፤ ልጆቹ ሳይጠሩ ቀርተው ሌላ መጋዘን ሲሚንቶ ሊያወርዱ ሄደዋል። ከጋቢናው አንገታቸው ላይ ፎጣ የጣሉ፣ ስድሳ የሚጠጉ ሰውዬ ወረዱ።

«ማል ታኤ?» አሉ ዙሪያውን እያዩ። «ምን ሆናችሁ? ሰው የለም እንዴ?»

«አርባ ሰባት!» ብለው ጮኹ እትዬ። «ለምን አላሳወቅከኝም?»

«አላሳወቅኩም? መልካሳ ድልድይ ላይ ሁለቴ አድርጌያለሁ!»

«አልመጣልኝም!»

«ሁለቴ! ወላሂ! እንዲያውም ልቤ ጠርጥሮ ሦስተኛ ልጨምር ነበር፤ ሦስቴ ከሆነ ጎማ ፈነዳ ማለት ነው፣ በከንቱ አስደነግጣታለሁ ብዬ ተውኩት።»

«ምኑን ነው ሁለቴ ያደረጉት?» አልኩ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ወረቀቴ ትዝ አለኝ፦ ጠዋት አንዴ፣ እኩለ ቀን ላይ ሁለቴ።

«ሚስኮል ነው?» አልኩ። «ቻቱን ከፍታችሁ የምትዘጉት… ሚስኮል እያደረጋችሁ ነው?»

«ታዲያ ምን መስሎሽ ነበር?» አሉ እትዬ። «አንዴ ጫንኩ ነው። ሁለቴ ድልድዩን ተሻገርኩ ነው። ከድልድዩ እዚህ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ልጆቹን የምጠራው በዚያ ነው። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«እኔ አላውቅም! ሐጂም አያውቁም! አንድ ወር ሙሉ ፊትዎ ስቃጠል ለምን አልነገሩኝም?»

«የሐጂ ጆሮ መስለሽኝ ነዋ። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ? ታጠፊዋለሽ ብዬ አላሰብኩም።»

የተሳደብኩ ወይም ያለቀስኩ ይመስለኛል፣ ከሁለቱ አንዱን። ጊዜ ግን አልነበረም፤ ፀሐዩ አናት ላይ ነው፣ ሳጥኖቹ ሥር እርጥበት መንጠባጠብ ጀምሯል። እትዬ በሁለቱ ስልኮቻቸው ልጆቹን እየጠሩ፣ እኔና አርባ ሰባት ሳጥን እያወረድን ወደ ጥላው ተሸከምን። ልጆቹ እስኪደርሱ ድረስ ትከሻዬ ተልጦ ነበር፣ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ቲማቲም ሆኗል። የላይኛው ረድፍ ለድልህ እንጂ ለሌላ የሚሆን አልነበረም።

ጥላው ሥር ቁጭ ስንል ጥያቄዬን ቀጠልኩ። ዝም ማለት አልችልበትም።

«ሠላሳ አንድ እሺ፣ አንዳንዴ ቆሞ ይጽፋል። እርስዎ ግን ለምን አንድም ቀን አይጽፉም? ሁለት ቃል ናት፤ ድልድይ ተሻገርኩ።»

እትዬ እግሬን ረገጡኝ። አልገባኝም።

«መጻፍ አይችሉም እንዴ?»

አርባ ሰባት በፎጣቸው አንገታቸውን ጠረጉ። «ፊደሉም ቁቤውም ሳይደርሱብኝ መሪ ጨበጥኩ» አሉ። «በዚያን ጊዜ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ሰውዬ እጅህን እንጂ ደብተርህን አያይም ነበር። ይቺን አፕ ልጄ ናት የጫነችልኝ። የቷን ስነካ እንደምትከፈት፣ የቷን ስነካ እንደምትዘጋ አሳየችኝ። የቀረው ለእኔ ጉንዳን ነው።»

«ለምን አይደውሉም?»

«ወደ እኔ?» አሉ እትዬ። «የእኔ ስልክ መቼ ባዶ ሆኖ ያውቃል?» ይህን ሲሉ ሁለቱም እየጮሁ ነበር።

«ሐጂ ያልጻፈ አይጭንም ብለዋል» አሉ አርባ ሰባት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ዘረጉልኝ። «አሁን ግን ለምን አልደረሰም? ተበላሽቶብኝ ነው?»

«አልተበላሸም። እኔ ነኝ። ሳይጽፍ የወጣ ሰው እንዳልመጣ ይቆጠራል ብዬ አዝዤ ነው።»

«እንዳልመጣ?» አሉ። ዞረው መኪናቸውን አዩ፣ ሳጥኖቹን አዩ፣ እኔን አዩ። «መጥቻለሁ እኮ።»

ሄጄ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚነበብ አለ ሲለኝ ነበር። እኔ ነኝ ማንበብ ያቃተኝ።

ዓርብን ሙሉ ግራ እንደተጋባሁ ዋልኩ። እንደ ድሮው ብመልሰው የሐጂ ስልክ ይጮኻል፤ ቅዳሜ ይመጣሉ፣ «አልጠፋም» ይላሉ፣ እኔም ወደዚያ ወንበር እመለሳለሁ። እንዳለ ብተወው ሥራውን አገኛለሁ፣ አርባ ሰባት ግን አንደበት አይኖራቸውም። ለሐጂ ሄጄ ብናገር የሰውዬውን እንጀራ በአፌ ልቆርጥ ነው። «ምን ይሻላል?» ብዬ እትዬን ጠየቅሁ። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ኮምፒውተሯ አንቺ ነሽ» አሉ። ቬንትሌተሩን ግን ገመዱን ፈትተው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ አዞሩት።

ማታ ልንዘጋ ስንል መሀል መንገድ ያለ መሰለኝ። ፕሮግራሙ ገባ ወጣውን የሚልከው በሁሉም መስመር ነው። ለምን ለሁሉም? የእትዬ ስክሪን የትኛው መስመር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለእሱ ብቻ ይላክ። የሐጂ ስልክ ጸጥ ይላል፣ እትዬ ያያሉ። ጻፍኩት፣ ሠራ። ግን አጥፊ ያሉኝን አጥፍቻለሁ? ወይስ ደብቄዋለሁ? ከእሳቸው ስልክ ጠፍቷል። ከዓለም አልጠፋም። እስከ ቤቴ ድረስ እያሰብኩት ሄጄ አንዱንም ሳልወስን ደረስኩ።

ቅዳሜ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሐጂ መጡ። ክፍሏን አዩ፣ ሙቀቱን አማረሩ፣ ከዚያ ቀጥ ብለው የእትዬ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ንፋስ ያለው እዚያ ነው። ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ሦስት ቀን ሙሉ ጭጭ» አሉ። «ማሻ አላህ። ምን ነበር ችግሩ?»

አፌን ስከፍት ከፊታቸው ያለው ስክሪን ብልጭ አለ። አርባ ሰባት ገባ። አርባ ሰባት ወጣ። አርባ ሰባት ገባ። አርባ ሰባት ወጣ።

ሐጂ ስክሪኑን አዩ። ስልካቸውን አዩ። ስልኩ ጸጥ እንዳለ ነው።

«አልጠፋም?»

«አልጠፋም» አልኩ። «ከእርስዎ ስልክ ነው ያጠፋሁት።»

«እኔ አጥፊ ያልኩሽ…»

«አውቃለሁ። ረቡዕ ሙሉ በሙሉ አጥፍቼው ነበር፤ ሐሙስ ቲማቲም ተበላሸ፤ መለስኩት። ብልሽት አይደለም። ድልድዩን ተሻገረ ማለት ነው።»

«ለምን አይጽፍም ታዲያ?»

ይህችን ጥያቄ ነበር የፈራሁት። ዋሽቼ አላውቅም ማለቴ አይደለም፤ ግን ውሸቴ ፊቴ ላይ ይታያል። እትዬ ከበሩ ሆነው ዘለው ገቡ፦ «እየነዳ ነው ሐጂ! በአንድ እጁ መሪ ይዞ በሌላው ይጻፍልዎ? የዚያን ሰሞን ሠላሳ አንድ ሲጽፍ አይደል ከአህያ ጋሪ ጋር የተላተመው?»

«ደወለ እያልሽ የምትጽፊልኝ ይሄ ነው?»

እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ያዙ።

ሐጂ ስክሪኑ ላይ ያሉትን አራት መስመሮች በጣታቸው ተከተሉ፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ እንደገና። «አርባ ሰባት» አሉ ለራሳቸው። ምን እያሰቡ እንደሆነ አላውቅም። ሾፌሩ ከእሳቸው ጋር ብዙ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው፤ ምናልባት ሐጂ የማይጽፉበትን ምክንያት ድሮም ያውቁ ይሆናል፣ ምናልባት ያን ጊዜ ነው የገባቸው፣ ምናልባትም ያሰቡት ስለ ሐሙሱ ቲማቲም ብቻ ነው። ፊታቸውን ባነበው ዜሮ።

ድንገት ቀና አሉ። «ታዲያ ድልድዩን ከተሻገረ ምን ትጠብቃላችሁ? ልጆቹን ጥሩ እንጂ! ፀሐዩን አታዩም?»

እትዬ ሁለቱንም ስልክ አንድ ላይ አነሱ። ሐጂ ተነስተው ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ወጡ፤ በሩ ላይ ሳይዞሩ «ሰኞ በጊዜ ነይ፣ ቲማቲም ይበዛል» አሉኝ።

እዚያው እንደቆምኩ ቀረሁ። አመሰገኑኝ? ተቆጡኝ? ወሩ አልቋል፤ ገባ ወጣው አልጠፋም፤ አርባ ሰባት ግማሽ ሰዓት ውስጥ ይደርሳሉ።

«እትዬ» አልኩ፣ «ተቀጠርኩ ማለት ነው?»

በአንዱ ስልክ አውራጆቹን እየተቆጡ፣ ሌላውን በመዳፋቸው ሸፍነው ዞሩብኝ። «ሰኞ ነይ አሉሽ አይደል? ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ፣ ማኅተም?»